የ07 ሲሟ እና የዶላሩ ነገር

የሳፋሪኮም ሲም ከያዝኩ ቆየሁ፣ ዳታው አዲስ አበባ ውስጥ ለኔ አሪፍ ነው፣ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ከከተማ ራቅ የምትሉ ግን የ09ኟን እንዳትጥሏት፣ ታወር ገና እየተከሉ ነው። ኤምፔሳውን (የሳፋሪኮም የሞባይል ገንዘብ) ብዙም አልነካሁትም፣ ሰፈራችን ሁሉም ሰው ቴሌብር ላክልኝ ነው የሚለው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሂሳቡ ነው። ሳፋሪኮሞች እኮ በ2021 (በፈረንጆቹ) ለፈቃድ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ፣ ለምን ካላችሁ ከ100 ሚሊዮን በላይ ህዝብ ያለበት፣ አንድ ቴሌ ብቻ የነበረበት ገበያ ከየት ይገኛል። ከዛ ሐምሌ 2016 (በኛ) ላይ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ 120 አለፈ፣ እነሱ ደግሞ ከኛ የሚሰበስቡት ብር፣ የኔትወርክ እቃ የሚያስገቡት በዶላር፣ አስቡት እስቲ! አዲስ ለሚገባ ኢንቨስተር ግን ያው ዶላሩ ብዙ ብር ይዞለት ይመጣል፣ ቀድሞ የገባው ነው የተመታው። ገበያው ትልቅ መሆኑ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፣ ትርፍህን በዶላር ይዘህ መውጣት መቻልህም ያስፈልጋል።

ለማንኛውም ዳታ የምታበዙ ሰዎች ሁለተኛ ሲም አድርጋችሁ ያዙት፣ ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ።