በቬትናም ምግብ ቤት ምን ይታዘዝ? ከጎንደር ለሚሄድ ተጓዥ የቀረበ ንጽጽር

ፒያሳ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ፣ ሜልበርን ያለችው ልጃቸው ሦስት ወር አብረዋት እንዲሰነብቱ ጠርታቸው ለጉዞ ሲሰናዱ «ልጄ፣ ከቤት ወጥተን የበላን እንደሆነስ ምን ልዘዝ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጃቸው የምትኖርበት ፉትስክሬይ የተባለው ሰፈር የኢትዮጵያና የቬትናም ምግብ ቤቶች ተጎራብተው የሚሠሩበት ነው፤ እኔም እዚያ በሰነበትኩበት ጊዜ የመጀመሪያው ግብዣዬ እንጀራ፣ የማግሥቱ ደግሞ የቬትናም ሾርባ ነበር። ለእርሳቸው በቃል የመለስኩትን፣ ወደዚያ ወይም ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ለሚሄድ ሌላ የጎንደር ሰውም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ዘርዘር አድርጌ አቀርባለሁ።

ከምግቡ በፊት የሚመረጠው ቤቱ ነው። ቀለል ያሉት የቬትናም ምግብ ቤቶች፣ እኔ እንዳየኋቸው፣ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ አንድ ሰሌዳ የሚያልቅ፣ ትልቅ ድስት ጥዶ ፎ የተባለውን የሩዝ ክር ፓስታ ያለበት ሾርባ የሚሸጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሜኑው እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ፣ ምግቡም በቁጥር የሚጠራበት ነው። በፍስክ ቀን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ እንጀራው በአንድ ድስት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ያንን ድስት ችላ ሊለው አይችልምና። በጾም ቀን ግን ያ ቤት ለእኛ ምንም የለውም፣ መረቁ ራሱ የአጥንት ነው፤ ያን ጊዜ ባለ ትልቁ ሜኑ ቤት ይሻላል።

ፎ የሚለውን ስም ባለቤቶቹ ሲጠሩት ለእኛው «ፈ» የቀረበ ነው፤ ድምፁንም እንደሚጠይቅ ሰው ከፍ ያደርጉታል። ምግቡ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ገደማ በሰሜን ቬትናም፣ በናም ዲንና በሃኖይ አካባቢ የተወለደ ሲሆን፣ አገሪቱ በ1954 እ.ኤ.አ. ለሁለት ስትከፈል ወደ ደቡብ የተሰደዱት ሰሜናውያን ሳይጎን ላይ አስለመዱት፤ ከ1975 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ ከአገር የወጡት ስደተኞች ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ አውስትራሊያ ይዘውት ሄዱ። በዚህ ምክንያት በውጭ ከተሞች የሚቀርብልን በአብዛኛው የደቡቡ ዓይነት ነው። የሰሜኑ መረቅ ጠራ ያለና ጨው የሚያመዝንበት፣ ከሽንኩርት ቅጠል በቀር ብዙ የማይጨመርበት ነው፤ የደቡቡ ግን ጣፈጥ ይላል፣ ከጎኑም በሌላ ሳህን የማሾ ቡቃያ፣ የበሶብላ ዘመድ የሆነ ቅጠል፣ የሎሚ ቁራጭና የተከተፈ ቃሪያ ይቀርባል። ለእኛ ምላስ ደቡቡ ይበልጣል እላለሁ፤ ምክንያቱም ሾርባውን እንደ ፍላጎታችን የምናስተካክለው በዚያ ሳህን ነው።

መረቁ የሚሠራው የበሬ አጥንት በእሳት ከተለበለበ ዝንጅብልና ሽንኩርት ጋር ለብዙ ሰዓት በቀስታ እንዲንተከተክ ተደርጎ ነው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ድንብላልና ኮከብ የመሰለ አንድ ጣፋጭ ሽታ ያለው ቅመም ይገባበታል፤ ሳህኑ ሲቀርብ ከእንፋሎቱ ቀድሞ አፍንጫ ላይ የሚደርሰው የዚህ የኋለኛው ሽታ ነው። ቅቅል የሚወድ ሰው በፎ አይቸገርም። በቀይ ወጥ ያደገ ግን በመጀመሪያው ማንኪያ በርበሬው የተረሳ ሊመስለው ይችላልና፣ ሎሚውንና ቃሪያውን ጨምሮ እንደገና ሳይቀምስ ፍርድ አይስጥ።

ሥጋውም ይመረጣል። ታይ የሚባለው በስሱ የተቆረጠ ጥሬ የበሬ ሥጋ ሲሆን፣ የፈላው መረቅ ሲፈስበት ዓይናችን እያየ ከቀይ ወደ ግራጫ ይለወጣል። ቺን ቀድሞ የበሰለው፣ ገን ጅማቱ፣ ሳክ ደግሞ ጨጓራው ነው። ዱለት ለለመደ ሰው ታይና ሳክ አንድ ላይ ማዘዝ ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ጨጓራው ግን እንደ ዱለት አልተከተፈም፣ ነጭ ሆኖ በቀጭን በቀጭኑ የተቆራረጠና ከጥርስ ሥር የሚንቋቋ ነው። ስለ ታይ ስነግራቸው ጎረቤቴ «ጥሬውን ለምን ውኃ ውስጥ ያበላሹታል?» አሉኝ፤ ለዚህ መልስ አልነበረኝም። የበሬ ሥጋ ለማይመቸው ፎ ጋ የተባለው የዶሮ ሾርባ አለ፤ ለታመመ ሰው ጥሩ ነው፣ ለተራበ ግን አነስተኛ ነው።

ከፎ ጋር መነጻጸር የሚገባው ሌላው ሾርባ ቡን ቦ ህዌ ነው። «ቡን» ሲባል ቡና እንዳይመስል፤ ከሩዝ የሚሠራ ክብ ክር ፓስታ ነው። ህዌ ደግሞ ከ1802 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. የንጉየን ነገሥታት መቀመጫ የነበረች፣ ቤተ መንግሥቷ በቅጥር የተከበበና እንደ ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ ናት። የእኛው ከተማ አምሳያ ናት ማለት ይቻላል፤ ሾርባዋም ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ምላስ የቀረበ፣ በጠጅ ሣር የሸተተና በላዩ ቀይ የቃሪያ ዘይት የተንሳፈፈበት ነው። እኔም ቀለሙን አይቼ «ይኼማ የእኛ ወጥ ነው» በማለት አንድ ቤት ውስጥ ሳልጠይቅ አዘዝኩ። ሦስት ማንኪያ ያህል በደስታ ከጠጣሁ በኋላ ከክሩ ሥር አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ፣ ጠቆር ያለና እንደ አይብ የረጋ ነገር ወጣ፤ አስተናጋጁ የረጋ ደም መሆኑንና አጠገቡ ያለውም የአሳማ እግር እንደሆነ ሲነግረኝ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ማንም አልዋሸኝም፣ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። ከዚህም ሌላ ቅመሙ ውስጥ የተብላላ ሽሪምፕ፣ ማለትም ቅርፊት ያለው ትንሽ የባሕር ፍጥረት፣ አለበት። በጣዕም ከተፈረደ ቡን ቦ ህዌ ፎን ይበልጣል፤ የአባቶቹን የምግብ ሥርዓት ለሚጠብቅ የጎንደር ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ግን አይሆንም።

ሾርባ ለማይወድ ሰው ደረቁ ምግብ አለ። ኮም ታም የተባለው በተሰባበረ ሩዝ ላይ የሚቀርብ ጥብስ በልማዱ የአሳማ ስለሆነ በዶሮ ይለወጥልኝ ማለት ያስፈልጋል፤ ሲለወጥ ደህና ምሳ ነው፣ ከዚያ ያለፈ ግን አይደለም። ባን ሚ የፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ትቶት የሄደው ረጅም ዳቦ በሥጋ፣ በሆምጣጤ በተዘፈዘፈ ካሮትና በቃሪያ ተሞልቶ የሚሸጥ ሲሆን፣ ለሚቸኩል ሰው ከሁሉ የረከሰው ምርጫ ነው። እኔን ይበልጥ የማረከኝ ባን ሴኦ ነው። ስሙ ሊጡ ከጋለ መጥበሻ ጋር ሲገናኝ ከሚያሰማው ድምፅ የመጣ ነው፤ ሊጡም የሩዝ ዱቄት፣ እርድና የኮኮናት ወተት ነው። ሩዝን ከጤፍ ቀላቅለው እንጀራ የሚጋግሩትን ፎገሮች ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። እንደ ቂጣ እየተቆረሰ በሰላጣ ቅጠልና በናና ተጠቅልሎ በእጅ ይበላል፣ ስለዚህ በሹካ ፈንታ በሚቀርቡት ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች መብላት ለሚያሳፍረው እንግዳ ትልቅ እፎይታ ነው። ውስጡ ብዙ ጊዜ አሳማና ሽሪምፕ ስለሚገባበት በእንጉዳይ እንዲሠራ ማዘዝ ያሻል። (ሹካ መጠየቅም ነውር አይደለም።)

የጾሙ ጉዳይ ረጅም ነው። በቬትናም ቡድሂስቶች ዘንድ በጨረቃ ወር በመጀመሪያውና በአሥራ አምስተኛው ቀን ከሥጋና ከዓሣ የሚታቀቡ ብዙዎች ናቸው፤ ይህም «ቻይ» ይባላል። ለረቡዕና ለዓርብ ጿሚ ከዚህ የሚቀል ቃል የለም፤ ሜኑው ላይ ቻይ የሚል ገጽ ያለበት ቤት የጾማችንን ነገር ግማሽ መንገድ ጨርሶልናል። ግማሽ ያልኩት ወተትና እንቁላል መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ስለሚቀር ነው። ቻይ ያልሆነ ነገር ግን አትክልት ብቻ ቢመስልም አይታመንም፤ ኑክ ማም የተባለው ከዓሣና ከጨው ተብላልቶ የሚወጣ ፈሳሽ እንደ እኛ ጨው በየምግቡ ይገባልና። ዓሣ በጾም ይበላል በሚሉና አይበላም በሚሉ መካከል ያለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ የማይበላ ሰው ግን ይህን ማወቅ ይኖርበታል። የሥጋው ነገር፣ ማለትም አራጁ ማን እንደሆነ፣ ለሚያሳስበውም ሰው በፍስክም ቢሆን ቻይ ይሻለዋል።

ቡናቸው በጠብታ ተጣርቶ በወፍራም ጣፋጭ ወተት ላይ የሚቀርብ ነው። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ብትሆንም፣ አብዛኛው ምርቷ ሮቡስታ የተባለው የቡና ዓይነት ስለሆነ መራራና ኃይለኛ ነው። እንደ ጣፋጭ ምግብ ቢቆጠር ደስ ይላል፤ ቡና ነው ብዬ ግን ለእናቴ አላቀርብላትም።

ስለ ክፍያው ጥቂት ልበል። እኔ አንድ ትልቅ ሳህን ፎ የበላሁት ወደ 18 የአውስትራሊያ ዶላር ከፍዬ ነው፤ አንዱ ሳህን ለአንድ ሰው የሚቀርብ በመሆኑ እንደ ገበታ አንድ አዝዞ ለሦስት መቅረብ አይቻልም። በአውስትራሊያ ጉርሻ መስጠት ግዴታ አይደለም፣ በዋሽንግተን አካባቢ ግን ከ15 እስከ 20 በመቶ ይጠበቃል፤ እዚያ ለሚሄድ ሰው ፎልስ ቸርች ውስጥ ያለው ኤደን ሴንተር የቬትናሞች ዋና የገበያ ስፍራ ነው።

ለጎረቤቴ በመጨረሻ ሁለት ቃላት በፊደላችን ጽፌ ሰጠኋቸው፤ «ኾንግ ቲት ሄኦ»፣ የአሳማ ሥጋ አይግባበት ማለት ነው፣ ሁለተኛው «ቻይ»። ወረቀቱን አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩትና «ይኼንን ከፓስፖርቱ ጋር ነው የማደርገው» አሉ።