ውሻ ከማምጣታችሁ በፊት ለዚህ ልጅ ደውሉለት

ሰላም የአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያና የአካባቢው ሰዎች። ይህ ስለ አንድ ሐበሻ የውሻ አሰልጣኝ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ቤታችሁ ውስጥ «ውሻ ይምጣ፣ አይምጣ» ክርክር ካለ በተለይ ለእናንተ ነው።

እኛ ቤት ክርክሩ ወራት ፈጅቷል። ልጆቹ አውስትራሊያን ሸፐርድ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን አሉ። ምክንያታቸው ሰማያዊ ዓይኑ ነው፤ ቲክቶክ ላይ አይተውት። ባለቤቴ ደግሞ የሥራ ባልደረባው ቤት ያየው ኢንግሊሽ ስፕሪንገር ስፓኒየል ልቡን ወስዶታል። እናቴ የሁለቱንም ስም ለመጥራት አልሞከረችም። «ውሻ? ቤት ውስጥ?» አለችና ዝም።

ሁለቱም መካከለኛ ውሾች ናቸው። ስፕሪንገሩ ከ40 እስከ 50 ፓውንድ ይመዝናል፤ አውስትራሊያኑ ከ40 እስከ 65። ሁለቱም ጸጉራም፣ ሁለቱም ብልህ፣ ሁለቱም ሩጫ ወዳድ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ሁለቱም «ለቤተሰብ ምርጥ» ናቸው። ታዲያ በምን ይለያል?

አንዲት ጓደኛዬ የዚህን ሐበሻ የውሻ አሰልጣኝ ስልክ ሰጠችኝ። ስሙን እዚህ አትጻፊ ስላለኝ አልጽፍም። የመጣ ዕለት ስለ ውሻ ከማውራቱ በፊት ስለኛ ጠየቀ። ቀን ቤት ማን ይውላል? እንግዳ ይበዛል? ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው? ማን በጠዋት ይነሳል? እናቴ ቡና አቅርባ ስለነበር እስከ በረካው ተቀመጠ። ቡናውን እየጠጣ ቤቱን ሲያጠና ነው የቆየው።

የእህቴ ልጆችም መጥተው ነበር። ከሳሎን ኩሽና፣ ከኩሽና ጓሮ ይተራመሳሉ። እነሱን እያየ «አውስትራሊያን ሸፐርድ እዚህ ቢኖር ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ?» አለኝ። ይህ ዘር ስሙ የአውስትራሊያ ይሁን እንጂ ዛሬ የምናውቀውን መልኩን የያዘው እዚሁ አሜሪካ፣ በምዕራቡ በኩል ነው። ሥራው በግና ከብት መንዳት ነው። የሚነዳው ሲያጣ ልጅ ይነዳል። የሚሮጥ ልጅ ካየ ይከባል፣ ወደ አንድ ጥግ ይሰበስባል፣ አንዳንዴም ተረከዝ ነከስ ያደርጋል። ክፋት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ሲሠለጥን ይተዋል፤ ግን በየቀኑ ጊዜውን የሚሰጠው ሰው ያስፈልገዋል። ለማያውቀው ሰውም ቶሎ አይቀርብም። እኛ ቤት ደግሞ እንግዳ ጠፍቶ አያውቅም።

ስፕሪንገሩ የአደን ውሻ ነው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀን ወፍ የሚያስነሳ። ከሰው ሳይርቅ መሥራት የለመደ ዘር ስለሆነ እንግዳ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ጭራውን እየቆላ ይቀበላል። አሰልጣኙ ግን እሱንም አላሞካሸልንም። በየቀኑ በደንብ መሮጥ አለበት። ብቻውን መዋል አይወድም። የተንጠለጠለው ጆሮው እርጥበት ስለሚይዝ ቶሎ ይመረቅዛል፣ በየጊዜው መታየት አለበት። ጸጉሩም ካልተበጠረ ይቋጠራል። «ቀን ቤት የሚውል ሰው ባይኖር ሁለቱንም አትውሰዱ እላችሁ ነበር» አለን። ቤት የምትውለው እናቴ ናት። ውሳኔው የሷ ሆነ ማለት ነው።

ልጁን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ሊያሳምናት አልሞከረም። «እማማ፣ የት የት እንዳይገባ ይፈልጋሉ?» አላት። ተነስታ የጸሎት ክፍሏን አሳየችው። በሩ ላይ ለሕፃናት የሚደረገውን ዓይነት መከለያ እንድናስገባ ነገረን፤ ውሻው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያችን በር እንዳያልፍ እንዴት እንደሚለመድ ባለቤቴን አሳየው።

ቀጥሎ «ምን ያበሉታል?» አላት። «ከምንበላው ነዋ፣ እንጀራ በወጥ!» ልጁ ሳቀና ወደ ድስቱ ጠቆመ። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ቢበስልም ያው ነው። የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ምን አለው? ዘቢብ ኩላሊቱን ሊያበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ዘቢብ የገባበት ቆሎ ወለል ላይ አይቅር። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል። እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች «ውይ ልጄ፣ እኔኮ ልገድለው ነበር!» አለች። አሁን የቤቱ ፖሊስ እሷ ናት። እንግዳ ጉርሻ ይዞ እጁን ወደ ታች ሲሰድ «ሽንኩርት አለው!» ብላ ትጮኻለች።

ልጆቹ ኢንተርኔት ላይ ያገኙት አንድ የአውስትራሊያን ሸፐርድ ሻጭም ነበር። ዛሬውኑ ቀብድ ካልላካችሁ ቡችላው ይሸጣል እያለ ያጣድፈናል። አሰልጣኙ የቡችላውን እናትና አባት ፎቶ ጠይቁት አለን። ሁለቱም መርል የሚባለው ዝንጉርጉር ቀለም ነበራቸው። ሁለት መርሎች ሲዳቀሉ በአማካይ ከአራት ቡችሎች አንዱ ይህን ዘረመል ከእናትም ከአባትም ይወርሳል፤ መስማት ወይም ማየት ተስኖት የመወለድ ዕድሉም ብዙ ነው። ኤም ዲ አር ዋን የሚባለውን የዘረመል ምርመራም ጠይቁት አለ፤ ያ ለውጥ ያለበት ውሻ አይቨርሜክቲንን የመሰለ መድኃኒት መጠኑ ከፍ ብሎ ከተሰጠው ነርቩ ይመረዛል፣ በአውስትራሊያን ሸፐርድ ላይ ደግሞ ብዙ የሚታይ ነገር ነው። ሻጩን ስንጠይቀው ብሎክ አደረገን። ቀብዳችን ተረፈ።

በመጨረሻ ስፕሪንገር ወሰድን። ቡችላም አይደለችም፤ ባለቤት ያጡ ስፕሪንገሮችን ከሚያሰባስቡ በጎ ፈቃደኞች ያመጣናት ትልቅ ውሻ ናት። ጠባይዋ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ለእናታችሁ ይሻላል ያለን እሱ ነው። ልጆቹ ሰማያዊ ዓይን የለም ብለው አኮረፉ። ኩርፊያው መኪና ውስጥ እስክትገባ ነው የቆየው። ስሟን ቡቺ አሏት።

የኔ ወንድም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ቡናው ሰዓት ቢያስረዝምም ያስከፈለን የአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ውሻ አይሸጥም፣ ከሻጭም ኮሚሽን አይበላም። ለነባር ውሾችም ሥልጠና ይሰጣል፤ ጎረቤት በጩኸቱ የተማረረባችሁ ካላችሁ እሱን አናግሩት። ብቻ ሐበሻ ነው ብላችሁ በነፃ እንዳታስለፉት።

ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ አራት ወር የሞላው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና ፈቃድ ግዴታ እንዳለበት አትርሱ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ስለሚሆን አያነሳም።