ለአዳዲስ የቡድን መሪዎች፦ በደብረ ማርቆስ የወሰድኩት ስልጠና

ነርስ ነኝ። የምሠራው አማኑኤል አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። አምና የቡድን አስተባባሪ ተደረግሁ። ስለ መድኃኒት አያያዝና ስለ ሪፖርት የሚያስረዳኝ አላጣሁም። ሰው እንዴት እንደሚመራ ግን ማንም አልነገረኝም። «ትችይዋለሽ» ተባልኩ፣ በቃ።

ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ ሰው ስለ መምራት የቅዳሜና እሑድ ስልጠና መኖሩን ስሰማ 1,800 ብር ከኪሴ ከፍዬ ተመዘገብኩ። ምሳና ቡና በዋጋው ውስጥ ነው።

አሰልጣኟ ንግግር አላበዛችም። ሥራ ቦታ ላይ ለመናገር የፈራነውን አንድ ነገር አጽፋ ሁለት ሁለት አድርጋ አስቀመጠችን። እኔ የጻፍኩት ስለ አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ነው። ተረኛ ሆነው ያረፍዳሉ። ሥራ ስጀምር እጄን ይዘው ያለማመዱኝ እሳቸው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ የሚሉትን ሰው «አረፈዱ» ብሎ መናገር በእኛ አገር ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ጥንዴ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበር። ለልምምዱ እሱ ጋሼን ሆነ። እኔ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ አሰልጣኟ አስቆመችኝ። «ያየሽውን ተናገሪ፣ የገመትሽውን ተይው» አለችኝ። «ለሥራው ግድ የለዎትም» ማለት ግምት ነው። «ሰኞ 3 ሰዓት ላይ እናቶች ልጅ አዝለው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ተረኛው እርስዎ ነበሩ» ማለት ያዩትን መናገር ነው። ከዚያ ዝም ብሎ መስማት። ከሁሉም የከበደኝ ዝም ማለቱ ነው።

ተመልሼ እንደተማርኩት አደረግሁ። ጋሼ መጀመሪያ ቆጣ አሉ። ቆይተው ቤታቸው የታመመ ሰው እንዳለ ነገሩኝ። ተራውን አቀያየርን፣ ማርፈዱም ቀረ።

በቡና ሰዓት ደግሞ ድሮ የቅኔ ተማሪ የነበረ አንድ ተሳታፊ ያወራው ነገር ከስላይዱ ሁሉ በለጠብኝ። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ቅኔውን ይቆጥራል (በልቡ ያዘጋጃል)፣ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ጓደኞቹ እየሰሙ ያርሙታል። በማግስቱ ሌላ ቅኔ ይዞ ይቀርባል። እርማቱ የዘወትር ስለሆነ ማንም አይሸማቀቅበትም። እኛ መሥሪያ ቤት ግን እርማት ተጠራቅሞ ይቆይና በምዘና ሰሞን ይወርዳል። አሰልጣኟ ይህን ሰምታ የከሰዓቱን ውይይት በሙሉ እዚያው ላይ አደረገችው። የሰው ሐሳብ ለመቀበል የማታፍር መምህርት ወደድኩ።

ስለ መዛል የተነገረውም ጠቅሞኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ላይ የሥራ መዛልን በሽታ አላለውም፤ መላ ካልተበጀለት የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነገር ነው ብሎታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ሥራን መሸሽና መጥላት፣ የምሠራው ፍሬ የለውም ብሎ ማሰብ። ይህን ስሰማ የሌሊት ተረኞቻችን ፊት ነው የመጣብኝ። እነሱን «በርቱ፣ ጠንክሩ» እያሉ ብቻ መሸኘት ግፍ ነው። ሰው የሚጠነክረው እረፍት ሲያገኝም ነው። የተረኝነት ሰሌዳውን እንደገና ለመሥራት ያነሳሳኝ ይህ ነው።

የእሑድ ጠዋቱ ግን አልተመቸኝም። ግማሹ ጊዜ «ራስህን እመን» በሚሉ ጥቅሶች አለቀ። ስላይዱም እንግሊዝኛ ነበር፤ በአማርኛ እየተወያየን ለምን? አዳራሹ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ።

የከፈልኩት ገንዘብ ያልቆጨኝ ግን በኋላ በመጣው ነገር ነው። ከሳምንታት በኋላ አሰልጣኟ ደወለች። «ጋሼን አናገርሻቸው?» አለችኝ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ገና በ1885 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ያልተከለሰ ትምህርት ቶሎ ይረሳል። ከዚህ በፊት የወሰድኳቸው ስልጠናዎች ሁሉ በምስክር ወረቀት ያበቁ ነበር።

አዲስ ለተሾመ ሰው፣ በተለይ የትናንት ጓደኞቹን ለሚመራ፣ ከልቤ እመክራለሁ። ለዓመታት ኃላፊ ሆኖ ለቆየ ሰው የቅዳሜው ብቻ ይበቃዋል። ስትመዘገቡ የስልክ ክትትሉ አሁንም እንዳለ ጠይቁ። አዘጋጆቹ ደግሞ ሕፃን ይዘው ለሚመጡ እናቶች አንዲት ክፍል ቢያዘጋጁ ጥሩ ነው። አንዷ ተሳታፊ ልጇን ለማጥባት ስትወጣ የልምምዱ ግማሽ አምልጧታል።