አሊየኖር ወይስ አፖሊን?

ለሴት ልጅ የፈረንሳይ ስም ፈልጋችሁ ሶፊና ማሪ በጣም ከበዙባችሁ እነዚህን ሁለቱን እዩልኝ። አሊየኖርን ያገነነችው የአኪቴይኗ (ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያለ ግዛት ነው) መስፍን አሊየኖር ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1137 ሉዊ 7ኛን አግብታ የፈረንሳይ ንግሥት ሆነች፣ በ1152 ትዳሩ ፈረሰና በዛው ዓመት ኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነውን ሄንሪን አገባች፣ እሱ ሲነግሥ ደሞ የእንግሊዝ ንግሥት። የእናቷ ስም ኤኖር ስለነበር በላቲን «አሊያ ኤኖር»፣ ሌላዋ ኤኖር ለማለት ነው የሚል የቆየ ወሬ አለ፣ ግን ከሷ በፊትም በስሙ የተጠሩ ሴቶች ስላሉ እኔ ብዙም አልቀበለውም። ደስ የሚለኝ ፈረንሳይ ውስጥ ፎንትቭሮ ገዳም ያለው መቃብሯ ነው፣ በጀርባዋ ተኝታ መጽሐፍ ገልጣ እያነበበች ነው የተቀረፀችው!

የአፖሊን ሥር ግን ግልጽ ነው፣ አፖሎ ከሚባለው የግሪክ አምላክ የወጣው አፖሎኒያ ፈረንሳይኛ ሲሆን ነው። የታወቀው ግን በቅድስቷ ነው፣ በ249 አካባቢ እስክንድርያ ውስጥ ክርስቲያኖች ላይ ሁከት ተነስቶ ጥርሷን አርግፈው ካጂ ሲሏት ራሷ እሳቱ ውስጥ ዘላ ገባች ይባላል፣ ለዛ ነው ካቶሊኮች ጥርስ የሚያመው ሰው ጠባቂ የሚሏት፣ ሥዕሎቿም ላይ ጥርስ በጉጠት ይዛ ነው የምትታየው። በዓሏ ፌብሩዋሪ 9 ነው።

ለአፍ አፖሊን ይቀላል፣ አያትም ጎረቤትም ሳይቸገር ይጠራዋል። እኔ ግን በገዛ ርስቷ ላይ ያዘዘች ሴት ስም ስለሆነ አሊየኖርን ነው የምመርጠው።