የመጀመሪያ ሾትገን፦ ከሰፈር ሱቅ ወይስ ከትልቅ መደብር?

አሜሪካ ለምትኖሩና የመጀመሪያ ሾትገን ልትገዙ ላሰባችሁ፣ ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ይከፈላል፤ ትንሹ የሰፈር ጠመንጃ ቤት፣ ወይም እንደ ባስ ፕሮ ሾፕስ ያለ ትልቅ መደብር።

በሕጉ በኩል ብዙም ልዩነት የለም። ሁለቱም ጋ ቅጽ 4473 የሚባለውን የፌዴራል የጠመንጃ ግዢ ቅጽ ትሞላላችሁ፣ የጀርባ ታሪካችሁም ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው ሰውም በፌዴራል ሕግ መግዛት ይችላል። የግዛታችሁን ሕግ ግን አስቀድማችሁ እዩ።

ትልቁ መደብር ቅናሽ ሲያወጣ ዋጋው ደስ ይላል። እንደ ሞስበርግ 500 እና ሬሚንግተን 870 ያሉ የታወቁ የሾትገን ሞዴሎች እዚያ አይጠፉም። ማንም ሳያጣድፋችሁ ዞር ዞር ብላችሁ ታያላችሁ።

እኔ ግን ለጀማሪ የሰፈሩን ሱቅ እመርጣለሁ። ምክንያቱ የጠመንጃው መጠን ለሰውነታችሁ መስማማት ስላለበት ነው። ሰደፉ ከረዘመባችሁ ጉንጫችሁ በደንብ አያርፍበትም፣ ሲተኮስም ትከሻን ክፉኛ ይመታል። ጥሩ ባለሱቅ ትከሻችሁ ላይ አስደግፎ ያያል፣ ካልሆነም አጠር ያለ ይሰጣችኋል። በጌጅ፣ ማለትም በአፈሙዝ ስፋት መለኪያ፣ 12 ከ20 በቁጥር ቢያንስም አፈሙዙ እንደሚሰፋ፣ ምቱም ብዙውን ጊዜ እንደሚበረታ ያስረዳል። ይህን ሳያውቁ ገዝቶ መቆጨት አለ። ያገለገለ ጠመንጃም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይገኛል፣ ጠጋኝም አብሮ ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሻጩ ጠመንጃውን ከፍቶ ባዶ መሆኑን ሳያሳያችሁ ካቀበላችሁ፣ ሱቁ የትም ይሁን፣ አመስግናችሁ ውጡ።