ለፒክአፕ ቲዩነር፦ ሣጥኑ ወይስ በእጅ የሚያዘው?

ፒክአፕ ያለው ወዳጄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ያችኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «የሞተር ጉልበት መጨመሪያ፣ ቲዩነር የሚሉትን ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» ወደ እኔ የሚመጡት ዐዋቂ ስለሆንኩ አይደለም፤ አራት ዓይነት ገዝቼ በሁለቱ ስለተቃጠልኩ ነው። መልሴን አላዘገይም። ሞተሩ ቱርቦ ያለው የናፍጣ ከሆነ፣ በእጅ የሚያዘውንና የሞተሩን ኮምፒውተር እንደገና የሚጽፈውን ግዙ፤ ያውም ኦሪጅናሉን። ገንዘቡ ካልሞላ እስኪሞላ ጠብቁ። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከሆነ ግን ምንም አትግዙ፤ በሶፍትዌር ብቻ የሚገኘው ጭማሪ ከ10 በመቶ ማለፉ ብርቅ ነው። ቱርቦ ባለው ናፍጣ ላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚጠጋ ይገኛል፤ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ብቻ ሳይሆን የቱርቦውን ግፊትም ስለሚያዝ።

ዋጋውን በጎማ ልቁጠረው፤ የአራት ጎማ ዋጋ የማያውቅ የፒክአፕ ባለቤት የለም። ኦሪጅናሉ በእጅ የሚያዝ ቲዩነር አራት ጎማ ያህል ያወጣል። ደህና ሣጥን፣ ማለትም ሴንሰርና ኮምፒውተር መካከል የሚገባው፣ ሁለት ጎማ ነው። የኦሪጅናሉ ቅጂ ከአንድ ጎማ በታች ይሸጣል። መካኒኮች መኪናውን በሚመረምሩበት ሶኬት ላይ የሚሰካው ባለ መብራት ፕላስቲክ ደግሞ ግማሽ ታንክ ነዳጅ እንኳ አያስሞላም።

መጀመሪያ የገዛሁት ይህንኑ ፕላስቲክ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ዳገቱ የቀለለኝ መሰለኝ፤ በሁለተኛው ሳምንት ጥርጣሬ ገባኝና በቢላዋ ከፈትኩት። የምርመራ ሶኬት 16 እግሮች አሉት። በዛሬ መኪኖች ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር መነጋገር የሚቻለው በ6ኛውና በ14ኛው እግር ነው። የእኔው ዕቃ ላይ እነዚህ ሁለቱ የትም አይደርሱም ነበር። የተገናኙት ባትሪውና መሬቱ ብቻ ናቸው፤ ሥራቸውም ሦስት ትናንሽ መብራቶችን ማብረቅ። ለመብራቶቹ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ እስካሁን ይበራሉ።

የፔዳል መቆጣጠሪያ የሚባለውንም ከዚሁ ጋር ቶሎ ልጨርሰው። እርሱ ሐሰተኛ አይደለም፤ የሚሠራው ሥራ ግን ሌላ ነው። ፔዳሉን ሩብ ስትረግጡ ለኮምፒውተሩ ግማሽ እንደረገጣችሁ ይነግረዋል። መኪናው ቀልጠፍ ያለ ይመስላል። እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ግን ያው የቀድሞው ጉልበት ነው።

እውነተኛው ምርጫ በሣጥኑና በእጅ በሚያዘው መካከል ነው። ሣጥኑ የነዳጅ ግፊት መለኪያው ሴንሰርና የሞተሩ ኮምፒውተር መካከል ይገባል፤ ሥራውም መዋሸት ነው። ናፍጣውን በሚረጩት ኢንጀክተሮች ቧንቧ ውስጥ ያለው እውነተኛ ግፊት 1,350 ባር ሲሆን፣ ሣጥኑ «1,200 ነው» ይለዋል። ኮምፒውተሩም አነሰ ብሎ ፓምፑን ግፊት ያስጨምረዋል፤ ብዙ ናፍጣ ይረጫል፤ ጉልበት ይጨምራል። በእርግጥም ይጨምራል። በአሥር ደቂቃ ይገጠማል፤ በአሥር ደቂቃም ይነቀላል። ሣጥን ወዳዶች የሚከራከሩኝ በዚህ ነው፤ አልክድም።

ሆኖም የተዋሸ ኮምፒውተር ስንት ናፍጣ እንደሚረጭ አያውቅም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። ሣጥን የገጠመ ሰው ዳሽቦርዱን እያሳየ «ይኸው ነዳጅ ቆጠበልኝ» ይላል። ዳሽቦርዱ ፍጆታውን የሚያሰላው ኮምፒውተሩ ረጨሁ ብሎ ካሰበው መጠን ነው፤ ተጨማሪውን አይቆጥረውም። እኔ ታንኩን እስከ አፉ ሞልቼ፣ የተጓዝኩትን ኪሎ ሜትር መዝግቤ፣ እንደገና ሞልቼ አስልቻለሁ። ዳሽቦርዱ ቀነሰ ያለው ፍጆታ በማደያው ቆጣሪ ጨምሮ ተገኘ። ፓምፑና ኢንጀክተሮቹም ከታሰበላቸው በላይ ግፊት ተሸክመው ይኖራሉ። የአራት ኢንጀክተር ዋጋ ስንት ጎማ እንደሚሆን ለማስላት እጄ አልደፈረም።

በእጅ የሚያዘው አይዋሽም። በምርመራው ሶኬት ገብቶ የፋብሪካውን ፋይል (ሞተሩ የሚታዘዝበትን ፕሮግራም) ያነብባል፣ በራሱ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ከዚያ አዲሱን ይጽፋል። ነዳጁ፣ የቱርቦው ግፊትና የጉልበት ገደቡ ተመጣጥነው ይለወጣሉ። መመለስ ስትፈልጉ የፋብሪካው ፋይል እዚያው አለ። ለእኔ አራቱን ጎማ የሚያወጣው ይህ የመመለስ ዋስትና ነው።

አሁን ወደ ቅጂው። መልኩ፣ ካርቶኑ፣ የአዝራሩ ቀለም ሳይቀር ከኦሪጅናሉ አይለይም። ሻጩ አንድ ምክር ብቻ ሰጠኝ፤ «ከኢንተርኔት ጋር እንዳታገናኘው።» ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ። ኦሪጅናሉ ከአምራቹ ማሻሻያ የሚወስደው በኢንተርኔት ነው፤ ቅጂው ከተገናኘ ግን ይታወቅበትና ይቆለፋል። አልነቃሁም። መጻፍ ስጀምር የራዲያተሩ ቬንትሌተር በሙሉ ኃይል ተነሣ፤ ኮምፒውተሩ ሲጻፍበት መቆጣጠር ስለሚያቆም ነው። ባትሪው ደከመ። ቁጥሩ 83 በመቶ ላይ ቆመ፤ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩት፤ 83። ቁልፉን ሳዞር ዳሽቦርዱ ይበራል፤ ሞተሩ ግን ዝም።

ጎታች መኪና መጣ። ባለሙያው ኮምፒውተሩን ነቅሎ፣ ክዳኑን ፈልቅቆ፣ ሽቦ በቀጥታ ሰሌዳው ላይ አስነክቶ ጻፈው። የፋብሪካውን ፋይል ከቅጂው ዕቃ ልናወጣ ስንል ባዶ ነበር፤ ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነ። የዕቃውን፣ የጎታቹንና የጥገናውን ሒሳብ ስደምረው ስድስት ጎማ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ኦሪጅናሉ አራት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በኦሪጅናሉም ቢሆን ቻርጀር ከባትሪው ጋር ሳላያይዝ አልጽፍም። መብራትና ሬዲዮ ይጠፋል፣ በር አይከፈትም፣ ልጆቹም መኪናው አጠገብ አይደርሱም።

ጉልበቱን ከጨመራችሁ በኋላ ቀድሞ የሚያጉረመርመው ፍሪሲዮን ነው። በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ሞተሩ ጮኾ ፍጥነቱ ካልጨመረ እየተንሸራተተ ነው፤ ዋጋውን ከቲዩነሩ ጋር ደምራችሁ አስቡት። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ከባድ ጭነት የምትጎትቱ ከሆነ ከቱርቦው በፊት የጭስ ሙቀት መለኪያ አስገጥሙ። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ የአሉሚኒየም ፒስቶን ከዚያ በላይ የሚሞቅ ጭስ የሚችለው ዘይትና አየር ስለሚያቀዘቅዙት ነው። መርፌው 700ን አልፎ ከቆየ እግራችሁን ከፔዳሉ አንሡ። ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት ሳይሆን በቅጡ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣችሁ ነው። የጭስ ማጣሪያውን የሚያጠፋ ፋይል በነጻ ቢሰጧችሁ አትቀበሉ፤ በብዙ አገሮች ሕገ ወጥ ነው።

ለመኪናው ብቻ የሚጻፍ ፋይል አለ፤ ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ወጥቶ በባለሙያ የሚስተካከል። ቱርቦ ወይም ኢንጀክተር ለቀየረ ሰው ከሁሉም ይበልጣል፤ ዋጋውም ስድስት ጎማ ይደርሳል። ላልቀየረ ሰው ልዩነቱ ሁለት ጎማ አያወጣም።

ያገለገለ ለመግዛት ለምታስቡ ደግሞ፦ ብዙዎቹ በእጅ የሚያዙ ቲዩነሮች በመጀመሪያ ከተጻፉበት መኪና የሻንሲ ቁጥር ጋር ይቆለፋሉ፤ የሚፈቱትም እዚያው መኪና ላይ የፋብሪካው ፋይል ሲመለስ ነው። ሻጩ መኪናውን ቀድሞ ከሸጠ ዕቃው ላይፈታ ይችላል። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አብሩትና ስክሪኑ ላይ የተመዘገበ ሻንሲ እንዳለ እዩ። ካለ፣ ሻጩ መኪናውን አምጥቶ ፊታችሁ ይመልሰው።