አደይ በሐምሌ? ፍሎራ ኢንኮግኒታን ተራራ ላይ ሞከርኩት

እማዬ ከደባርቅ ልትጠይቀን ጀርመን መጥታ ፌልድበርግ ወሰድናት። ከፍራይቡርግ ብዙም አይርቅም። የጥቁር ጫካ ትልቁ ተራራ ነው፣ 1,493 ሜትር። «ይሄ ነው እንዴ ተራራችሁ?» አለች። ደባርቅ ላደገ ሰው ምን ይባላል!

ሣሩ መሀል ስትደርስ ግን ቀጥ አለች። «አደይ በሐምሌ?»

ከሩቁ እኔንም አደይ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስንል ቢጫው ወደ ብርቱካን ያደላል። የአበባው ክንፎች ቀጫጭን ናቸው፣ ንፋስ እንዳመሳቀለው ፀጉር፤ ጫፋቸው ላይ ሦስት ሦስት ጥርስ አላቸው።

ስልኬን አወጣሁ። ፍሎራ ኢንኮግኒታ አለኝ፣ ተክልን ከፎቶ የሚለይ መተግበሪያ። በፊት ሌላ መተግበሪያ ነበረኝ፤ ስሙን አልጠራም። አንዱን የሜዳ አበባ የሱፍ አበባ ነው ብሎኝ፣ ሁለተኛውን ሳነሳ ካርድህን አስገባ አለ። አጠፋሁት። ፍሎራ ኢንኮግኒታ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለው። የሠሩት የኢልመናው ዩኒቨርሲቲና የና ከተማ ያለው ማክስ ፕላንክ ኢንስቲትዩት ናቸው።

የወደድኩለት አለመቸኮሉን ነው። መጀመሪያ አበባውን አንሳ ይላል፣ ካልበቃው ቅጠሉን ይጠይቃል። ቁልፉ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነው። አገዳው ላይ ያሉት ጥቂት ቅጠሎች ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ከወጡ አርኒካ የሚባለው የተራራ አበባ ነው። እዚህ ተራራ ላይ አርኒካ የሚመስሉት ቢጫዎች ቅጠላቸው አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ነው። የአደይም ጥንድ ነው፤ ግን የተተለተለ ነው፣ የአርኒካው ድፍን። ዘመዳሞች ናቸው ለካ፣ ያው አንድ ቤተሰብ።

ኔትወርክ አልነበረም። ፎቶዎቹን አስቀምጦ መኪናው ጋ ስንደርስ መልሱን ሰጠን፦ አርኒካ።

እማዬ ቅባት የሚሠራበት መሆኑን ስትሰማ ለጉልበቷ ልትቀጥፍ ተመልሳ ልትወጣ ነበር። ጀርመን ውስጥ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ አይቀጠፍም። ቢበላም መርዝ ነው። «ሜዳ ሙሉ አበባ፣ አንዲት አይነካም?» ብላ ተቆጣች። ቅባቱን ከፋርማሲ ገዛንላት።

ለሚሞክረው ሰው፦ ከላይ ብቻ አታንሱ። ከላይ ሲያዩት ቢጫ ሁሉ አንድ ነው። ተንበርክካችሁ አገዳውን ከጎን አንሱት። የኔ ሱሪ ጉልበቱ ላይ አሁንም አረንጓዴ ነው።